ወንዝ ማዶ ያለው ገዢ

ጋሪው ቁልቁለቱን ሲወርድ የኋላ ግራ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ኢራ ታትል ልጓሙን ወደ ቀኝ ስቦ ፈረሶቹን በየስማቸው ጠራቸው። ሰሙት። ጎማው እየተጎተተ ወጣ። አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ ጭኑ ላይ ያለውን በፈረስ ልብስ የተጠቀለለ ብረት በሁለት እጁ አቅፎ ጥርሱን ነክሷል።

«ሻምበል፣ ያንን ነገር ከኋላ ያድርጉት እንጂ። እግርዎን ይቆርጠዋል» አለ ኢራ።

«አንደኛው ድሮም የለም። የቀረውን ይቁረጠው።»

ሻምበል ሉተር ሃንስኮም የግዛቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አጥቶ በእንጨት ይሄዳል። ሕዝቡ ለዚህ ሹመት በተደጋጋሚ መርጦታል። የታቀፈው ብረት የግዛቱ ታላቅ ማኅተም ነው፤ እጀታው ወደ ታች ሲጫን ወረቀቱን ነክሶ ምልክት የሚተው መጭመቂያ። ቢሮው ውስጥ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ታስሮ ነበር የሚኖረው። ዛሬ ጠዋት ሻምበል ራሱ ተንበርክኮ በመፍቻ ፈታው፤ ከዚያ ጋሪ ተራ ድረስ ታቅፎት መጥቶ ኢራን «ወደ ኔስ እርሻ» አለው።

ኢራ መንገዱ አያሳልፍም ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። በረዶው ገና መቅለጡ ነው፤ ከከተማው ውጭ ያለው መንገድ ሁሉ ሊጥ ሆኗል። ሻምበል ግን በኮቱ ኪስ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ነገረው። ኢራ አፉን ገጥሞ ፈረሶቹን ጠመደ።

ወረቀቱ የዘር ሕጉ ነበር። ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን በልቶ ጨርሷል። የግዛቱ ምክር ቤት ሲጨቃጨቅ ከርሞ ግዛቱ የዘር ስንዴ ለገበሬው እንዲያበድር፣ ገበሬውም ሲያጭድ እንዲመልስ ወሰነና ተበተነ። የቀረው የገዢው ፊርማ ነው። ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ በተሰጠው ጊዜ ካልተፈረመበት ሕጉ ይሞታል። ጊዜው ዛሬ ያልቃል።

ኢራ የራሱን መሬት በመጀመሪያው የድርቅ ዓመት አጥቶ ከተማ ገብቷል፤ በጋሪ ኪራይ ይኖራል። ሴት ልጁ ዴሊያ ግን ከባሏ ጋር አሁንም መሬቷ ላይ ናት። ጎተራቸው ተጠርጎ ወለሉ ይታያል። ባሏ ባለፈው እሑድ ቁርጡን ተናግሯል፤ ዘር ካልተገኘ ዕቃቸውን ሸጠው ወደ ኦሪጎን ይሄዳሉ። ኦሪጎን ከተራራዎቹ ወዲያ ነው። ኢራ ዕድሜውን ያውቃል። ከሄዱ ዴሊያንም ሆነ ልጆቿን ሁለተኛ አያያቸውም።

ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲወጡ ጠየቀ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ገዢው እያለ እኛ ምክትሉን ኔስን ፍለጋ ጭቃ የምናቦካው ለምንድን ነው?»

«ገዢው የለም። ወንዝ ማዶ ነው።»

«እንዴ! ገዢ ስቴድማን እኮ እዚሁ ቅርብ ነው። ትናንት የሰፈር ልጆች ከወንዙ ዳር ሆነው በመነጽር ሲያዩት ነበር። ሆቴሉ በረንዳ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሲጋራ ያጨሳል አሉ።»

«የሚዙሪን ወንዝ ተሻግሯል። ማዶ ያለው መሬት የሌላ ግዛት ነው» አለ ሻምበል። «ገዢው ከግዛቱ ውጭ ሲሆን ሥልጣኑም ግዴታውም ወደ ምክትሉ ያልፋል ይላል ሕገ መንግሥቱ። ምን ያህል ሲርቅ እንደሆነ አይናገርም። ቻይና ቢሄድም፣ ወንዝ ማዶ ተቀምጦ ሲጋራ ቢያጨስም ያው ነው።»

«እና ለሲጋራ ብሎ ነው የተሻገረው?»

ሻምበል ማኅተሙን ጭኑ ላይ አመቻቸ። «አንተ ገዢ ብትሆን ምን ታደርጋለህ? ብትፈርም እነዚያ የእህል ነጋዴዎችና የባቡር ኩባንያ ሰዎች ይጣሉሃል። ገንዘባቸው ከሌለ ደግሞ ምርጫ የለም። አልፈርምም ብትል ገበሬው ይጥልሃል። ምን ታደርጋለህ?»

ኢራ አሰበ። «እታመማለሁ።»

«እሱ ተሻገረ። ሕጉ ዛሬ ሲሞት ገዢው ማን ነው? ኔስ። ነገ ጋዜጣው ምን ብሎ ይወጣል? ኔስ ሳይፈርም ቀረ። ገበሬው ማንን ይረግማል? ኔስን። ስቴድማን ነገ ጠዋት በጀልባ ተመልሶ ‹ወይ ጉድ፣ እኔ ብኖር ኖሮ› ይላል።»

«ኔስስ ያውቃል?»

«በምን ያውቃል? እርሻው ድረስ የቴሌግራፍ ሽቦ የለ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስብሰባውን ይመራል፣ ሲበተን ወደ ላሞቹ ይሄዳል። ምክትል ገዢ ማለት ይኸው ነው።»

ኢራ ሳቀ። «ላም ሲያልብ ተሹሞ፣ ላም ሲያልብ ሊሻር!» ከዚያ ዴሊያን አሰበና ሳቁ ቆመ። ፈረሶቹን ነካ ነካ አደረጋቸው። ጥቂት ከሄዱ በኋላ እንደገና ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ሻምበል፣ እርስዎ የስቴድማን ፓርቲ አይደሉ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ትናንት ከመሻገሩ በፊት ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ‹ሉተር፣ ይሄ ሳልህ አላማረኝም፤ ነገ ከአልጋህ ባትወርድ ጥሩ ነው› አለኝ።»

«ያስልዎታል?»

«አላሳለኝም።»

ኢራ ቀና ብሎ አየው። የሽማግሌው ፊት እንደ ድንጋይ ነው። ጢሙ ላይ ጭቃ ተረጭቶበታል።

«ያባርርዎታላ።»

«አይችልም። እሱን የመረጠው ሕዝብ እኔን ለብቻዬ መርጦኛል። ግምጃ ቤት ሹሙንም ለብቻው፣ ኔስንም ለብቻው። ማናችንም የስቴድማን አሽከር አይደለንም። እሱ የሚፈርመውን ይፈርማል፤ እኔ የተፈረመውን አትማለሁ። በተተኪ ገዢ እጅ የወጣ ነገር ደግሞ ማኅተሙ ካላረፈበት አይጸናም።» ጢሙ ላይ የተረጨውን ጭቃ ጠረገ። «ፓርቲው ግን በመጪው ምርጫ ስሜን ከዕጩዎቹ ውስጥ ማውጣት ይችላል።»

«ያወጡታል?»

«ያወጡታል።»

ኢራ ፈረሶቹን ወደ ጅረቱ ነዳ።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ የለም። ጎርፉ ሳንቃዎቹን ጠርጎ ሁለት እንጨት ብቻ አቁሞ ትቷል። ውሃው እንደ ቡና ጠቁሮ የበረዶ ስባሪ እያንከባለለ ይወርዳል። ከማዶ፣ ከኮረብታው ሥር፣ የኔስ ቤት ጭስ ይታያል። ኢራ ወርዶ በአለንጋው ዘንግ ጥልቀቱን ለካና ተመለሰ። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ጋሪ አይሞከርም።

ፈረሶቹን ከአኻያው ዛፍ ጋር አሰረ። «ማኅተሙን ይስጡኝ። መጀመሪያ እሱን ላድርስና ለእርስዎ እመለሳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ሻምበል፣ በዚያ እግርዎ ብረት ታቅፈው አይሻገሩም።»

«ከእጄ ላላወጣው ምያለሁ። ለሌላ ሰው አሳልፌ አልሰጥም።»

«ኧረ ለአንድ ደቂቃ ነው! ማን ያየናል?»

«አንተ ታያለህ። ነገ ጋሪ ተራ ታወራዋለህ።»

ኢራ ሊከራከር ፈለገና ነገሩ እውነት ሆነበት። ውሃውን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ይታዘሉኝ እንጂ! ብረቱ ከእርስዎ እጅ አይወጣ፤ እርስዎን አልሸከምም የሚል መሐላ ደግሞ እኔ የለብኝም።»

ሻምበል ጀርባው ላይ ወጣ። ቀላል ሰው ነበር፤ የከበደው ማኅተሙ ነው። የእንጨት እግሩ ኢራን ከጎድኑ በታች ይጠቀጥቀዋል። ውሃው ጫማው ውስጥ ሲገባ ኢራ ስድብ አመለጠው፤ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ሌላ ስድብ ጨመረ። መሐል ላይ ድንጋይ ረገጠና ድንጋዩ ከዳው። እስከ ደረቱ ገባ።

«አንገቴን ይያዙ! አንገቴን!»

«እጄ ተይዟል!»

ኢራ በአንድ እጁ የድልድዩን እንጨት ጨምድዶ ቀና ሲል ሽማግሌው ማኅተሙን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ራሱን ደግሞ ለኢራ ትከሻ ትቶ፣ እንደ ተንጠለጠለ ጆንያ ሆኖ አየው። በወጣትነቱ የዚህን ዓይነት ሰዎች ጥይት መሐል ባንዲራ ይዘው ሲቆሙ አይቷል። ያኔም አልገባውም ነበር። ዳር ወጥተው አወረደውና ተንበርክኮ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ደህና ነው» አለ ሻምበል ጥቅሉን እየዳበሰ። «ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው።»

«እኔስ ብለው አይጠይቁኝም?»

«አንተማ ስትሳደብ ሰማሁህ። ደህና ነህ።»

ቶርቫልድ ኔስን ያገኙት በረቱ ውስጥ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙ እንደ ገለባ የነጣ፣ አነጋገሩ ዘገምተኛ የሆነ ኖርዌያዊ። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ብብቱ ሰብስቦ የምትወልድ ላም ኋላ ተንበርክኳል፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ አይታይም።

ሻምበል ባርኔጣውን አወለቀ። «ክቡር ገዢ።»

ኔስ ዞሮ ከኋላቸው ያለውን በር ተመለከተ። «ገዢው የታለ? መጥቷል እንዴ?»

«ገዢው እርስዎ ነዎት፤ ከትናንት ጀምሮ።»

ኔስ ሻምበልን፣ ከዚያ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ኢራን አየ። «ጥጃው ይውጣ» አለ። ጥጃው እስኪወጣ ቆሙ። ኢራ እግሮቹን ይዞ ጎተተ። ላሟ ልጇን ስትልስ ነው ኔስ እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ያስገባቸው።

ሚስቱ ጉድሩን ከምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ ቀጭን፣ ክንዷ ጠንካራ ሴት። ሕፃናቱን ወደ ጓዳ አባርራ ለኢራ የባሏን ደረቅ ኮት ወረወረችለት። ሻምበል ማኅተሙን ገበታው ላይ አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ ባጭሩ ተናገረ፤ ወንዙን፣ ሆቴሉን፣ ዛሬ የሚያልቀውን ጊዜ። ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋ።

ኔስ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረ። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ወፍራም ጣቱን እያስኬደ ያነባል። ምክር ቤቱ ሲጨቃጨቅበት በወንበሩ ላይ ሆኖ የሰማው ሕግ ነው፤ ቢሆንም ያነባል። ኢራ ከእሳቱ ዳር ሆኖ በመስኮት የምትወርደውን ፀሐይ ይከታተላል። ጣቱ ገጹ መሐል ላይ ቆመ።

«የድርቅ አውራጃዎቹ ስም ውስጥ የእኛም አለበት።»

«አለበት» አለ ሻምበል።

«ጎተራዬ ባዶ ነው። ይህን ከፈረምኩ በገዛ እጄ ለራሴ ዘር ሰጠሁ ማለት ነው።»

«ሕጉ አይከለክልዎትም።»

«ባለፈው ጉባኤ አንድ ባለወፍጮ የምክር ቤት አባል፣ ወፍጮው ደጃፍ ለሚሠራ ድልድይ እጁን ሲያወጣ ‹ተቀመጥ፣ የራስህ ጉዳይ ነው› ብዬ በሰው ፊት አስቀምጬዋለሁ። ተቀመጠም። አሁን እኔን ማን ያስቀምጠኝ?» ወረቀቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ሻምበል፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«የእኔ ሥራ ማተም ነው። የእርስዎን እጅ መምራት የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

ምድጃው ላይ ያለው የድንች ድስት ይንተከተካል። ኢራ ዝም ሊል ሞከረ። ጋሪ ነጂ ነው፤ እዚህ ገበታ ላይ ምን አገባው? አፉ ግን ቀደመው።

«ጌታዬ፣ እኔ እርስዎን መርጫለሁ» አለ። «ለምን እንደመረጥኩዎት ልንገርዎት? ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ምክትል ገዢ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰውም ጋሪ ተራ አንድ የለም፤ ዝም ብሎ ይበላል ይጠጣል ነው የምንለው። ‹ይሄኛው ገበሬ ነው› ሲሉኝ ጊዜ ነው ስምዎ ላይ ምልክት ያደረግሁት። ገበሬ ስለሆኑ መረጥንዎት። ዛሬ ደግሞ ገበሬ ስለሆንኩ አልፈርምም ይሉኛል?»

ኔስ ወረቀቱን መልሶ ወደ ራሱ ሳበው።

«ልጄ መሬቷ ላይ ናት» አለ ኢራ፤ ድምፁ ወረደ። «ዘር የላትም። ካልፈረሙ ይሄዳሉ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ይፈርማል» አለች ጉድሩን ከምድጃው። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ይፈርማል፣ ዘሩንም እንደ ሰው ተሰልፎ ይወስዳል። ጎረቤት ሁሉ ሲወስድ የእሱ እጅ ከማን እጅ ይበልጣል?»

«ጉድሩን» አለ ኔስ። «ከሁለቱ አንዱን ነው የማደርገው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ኢራ ፊቷን እያየ ነበር፤ ሲገባት አየ። የድስቱን ክዳን እንደያዘች ቀረች።

«ልጆቹስ?»

«ድንች አለ። ጥጃው ሲያድግ እንሸጠዋለን።»

«ድንች!» አለች። «ስቴድማን ማዶ ተቀምጦ ሥጋ እየበላ አንተ ድንች! ማን ጠየቀህ? እነሱ ጠየቁህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ቀለም አለን?»

ጉድሩን ክዳኑን ድስቱ ላይ ጥላ ከቁም ሣጥኑ ላይ የቀለሙን ጠርሙስ አወረደች። ደርቋል። ከማንቆርቆሪያው ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋ በስንጥር በጠበጠችው፤ ገበታው ላይ ስታስቀምጠው ግማሹ ሊፈስ ምንም አልቀረውም። ብዕሩን ግን ጫፉን በቀሚሷ ጠርጋ በእጁ ሰጠችው።

ኔስ እንደ አነባበቡ ቀስ ብሎ ፈረመ። ቀለሙ ቀጥኖ ነበር፤ ስሙ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ይነበባል ግን። ሻምበል ጨርቁን ፈታ፣ ወረቀቱን በብረቱ አፍ ውስጥ አስተካክሎ አስገባ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ መላ ክብደቱን እጀታው ላይ ጣለ። ገበታው ጮኸ። ወረቀቱን ሲያወጣው ማኅተሙ ሙሉ ክብ ሆኖ ጎልቶ ታየ። ከሥሩ የራሱን ስም ጻፈ።

«ጸንቷል» አለ።

ኢራ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለአውራጃው ሹም ይንገሩልኝ» አለ ኔስ። «ዘር ከሚወስዱት ውስጥ እኔ የለሁበትም።»

«ይህን ሕጉ አይጠይቅዎትም።»

«አውቃለሁ። ይንገሩልኝ።»

ሻምበል የገዛ ወንበሩ ከምርጫው በኋላ የሌላ ሰው እንደሚሆን ለኔስ አልነገረውም። ኢራም አልተናገረም። ኔስና ሻምበል ተጨባበጡ። ኔስ ጥጃው እንዳይበርደው ብሎ ወደ በረት ሄደ።

ኢራና ሻምበል ግቢው መሐል ሲደርሱ ጉድሩን ከኋላ ደረሰችባቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ኢራ ፊት ቆመች።

«ልጅህ ስንት ልጆች አሏት?»

«ሦስት፣ እመቤት።»

«የእኔ አምስት ናቸው» አለች። ዳቦውን እጁ ላይ አስቀመጠች። ገና ትኩስ ነበር። ከዚያ ወደ ሻምበል ዞረች። «እንግዲህ እስከ ነገ የገዢ ሚስት ነኝ ማለት ነው?»

«ስቴድማን እስኪሻገር ድረስ ነዎት።»

«እንግዲያው አንድ ትእዛዝ ልስጥ።»

ሻምበል ማኅተሙን ታቅፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይዘዙ።»

«ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጡ።»

«እንደ ትእዛዝዎ» አለ ሻምበል፤ አልቀለደም።

ኢራ ባርኔጣውን አወለቀ። የሚለውን ፈለገ። አመሰግናለሁ ሊል አሰበ፤ ቃሉ ለዚህ አልበቃ አለው። እሷ እጇን አጣምራ ቆማ ታየዋለች። ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ ራሱን ለነፋሱ ገልጦ፣ የግቢውን አጥር እስኪያልፍ ድረስ ባርኔጣውን ሳያደርግ ሄደ።